ጆሮ ማዕረግ አይለይም

በአንድ የአሜሪካ የጦር ሰፈር፣ አውሮፕላን በሚጠገንበት ሃንጋር ውስጥ፣ ሦስት መካኒኮች አንድ ሞተር ከበው ቆመዋል እንበል። አንዱ የአየር ኃይል ባልደረባ ነው። ሁለተኛው ቱታ የለበሰ የመከላከያ ሚኒስቴሩ ሲቪል ሠራተኛ ነው። ሦስተኛው አንድ የግል ኩባንያ የላከው የኮንትራት ሠራተኛ ነው። ሞተሩ ሲነሳ ድምፁ ሦስቱንም እኩል ይመታቸዋል። ከዚያ በኋላ ግን እኩል የሚባል ነገር የለም። የሚያክማቸውም ካሳ የሚከፍላቸውም የተለያየ ነው፤ ጉዳታቸውን የማወቅ መብት ያለው አለቃም እንዲሁ። ሌላው ቀርቶ «ይህ ድምፅ አደገኛ ነው» የሚባልበት ልክ እንኳ አንድ አይደለም።

ወታደሩና ሲቪሉ በዓመት አንድ ጊዜ ተራ በተራ አንድ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፤ የጦር ሰፈሩ የሙያ ጤና ነርስ ፊት። የኮንትራት ሠራተኛው ጉዳይ ብዙውን ጊዜ የአሠሪው ኩባንያ ነው፤ ወደ እሱ በኋላ እንመለሳለን።

ይህች ነርስ በጤና ጣቢያ ከምናውቃት ነርስ ትለያለች። ወደ እሷ የሚመጡት አብዛኞቹ ጤነኞች ናቸው፤ ሥራዋም ጤነኞች እንደሆኑ ጡረታ እንዲወጡ ማድረግ ነው። ጣሊያናዊው ሐኪም ቤርናርዲኖ ራማዚኒ እ.ኤ.አ. በ1700 ስለ ሠራተኞች በሽታ ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሐኪሞች በሽተኛን ሲመረምሩ «ሥራህ ምንድን ነው?» ብለው እንዲጠይቁ መክሮ ነበር። ጥያቄውን መተዳደሪያቸው ያደረጉት ግን ነርሶች ናቸው። በ1878 በእንግሊዟ ኖሪች ከተማ የሚገኘው የኮልማን የሰናፍጭ ፋብሪካ ፊሊፓ ፍላወርዴይን ቀጠረ። በ1895 ደግሞ በአሜሪካ የቨርሞንት የእምነ በረድ ኩባንያ ኤዳ ሜዮ ስቱዋርትን ቀጠረ፤ እሷም በብስክሌት እየዞረች የሠራተኞቹን ቤተሰቦች ትጎበኝ ነበር። ሙያው የተወለደው ቢሮ ውስጥ ሳይሆን መንገድ ላይ ነው። ይህን ዛሬ ዘመናዊ ክሊኒክና ኮምፒውተር ያላቸው ብዙ አስተዳዳሪዎች የሚረሱት ይመስለኛል።

ከሃንጋሩ ጉዳቶች ሁሉ ጆሮን የመረጥኩት ምክንያት አለኝ። በአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት የጉዳት ካሳ ከሚከፈልባቸው ሕመሞች ሁሉ በብዛት አንደኛው የጆሮ ጩኸት ነው፤ ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ይከፈላቸዋል። የመስማት ችሎታ መቀነስም ከግንባር ቀደሞቹ አንዱ ነው። ደም የለውም፣ ቁስል የለውም፣ ብዙውን ጊዜም በአንድ ቀን አይከሰትም። ስለዚህም በቀላሉ ችላ ይባላል።

በውስጠኛው የጆሮ ክፍል፣ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት በተጠቀለለው ኮክሊያ ውስጥ፣ በእያንዳንዱ ጆሮ ወደ 15,000 የሚጠጉ ፀጉር መሰል ሕዋሳት አሉ። ድምፅ በኮክሊያ ውስጥ ያለውን ፈሳሽ ሲያንቀሳቅስ የሕዋሳቱ ጫፍ ይታጠፋል፤ መታጠፉም ወደ ነርቭ ምልክት ተለውጦ አንጎል ይደርሳል። ከባድ ድምፅ በእነዚህ ሕዋሳት ላይ የሚያደርሰው፣ በረዶ በገብስ ማሳ ላይ የሚያደርሰውን ነው፤ ገሚሱ ጎንበስ ብሎ በማግስቱ ይቃናል፣ ገሚሱ ተሰብሮ ይቀራል። የሰው ልጅ የተሰበረውን መልሶ አያበቅልም። ዶሮ ታበቅላለች፤ እኛ ግን አልታደልንም።

በድምፅ ምክንያት የሚመጣ ጉዳት መጀመሪያ የሚታየው በ4,000 ሄርዝ አካባቢ ነው። ተጎጂው የሰው ንግግር ይሰማዋል፤ የሚያመልጡት «ሰ»፣ «ፈ»፣ «ከ» የመሳሰሉት ቀጫጭን ድምፆች ናቸው። «እሰማለሁ ግን አይገባኝም» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ምናልባት ከዚህ ደረጃ ላይ ደርሷል።

ድምፅ የሚለካው በዴሲቤል ነው፤ ዴሲቤል ግን እንደ ኪሎ አይደመርም። 3 ዴሲቤል ሲጨመር የድምፁ ኃይል እጥፍ ይሆናል። የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር ለወታደሩም ለሲቪሉም የሚጠቀመው ስሌት ይህን ይከተላል፤ ያለ ጆሮ መከላከያ በ85 ዴሲቤል 8 ሰዓት፣ በ88 ዴሲቤል 4 ሰዓት እያለ፣ 100 ዴሲቤል ላይ 15 ደቂቃ ብቻ ይቀራል። በግል ኩባንያዎች ላይ የሚሠራው የፌዴራሉ የሥራ ደህንነት ሕግ ግን ከ90 ዴሲቤል ተነስቶ በየ5 ዴሲቤሉ ነው ጊዜውን የሚያጋምሰው። በዚህኛው ስሌት በ100 ዴሲቤል 2 ሰዓት ይፈቀዳል። እንግዲህ ያ ሦስተኛው መካኒክ፣ የኮንትራት ሠራተኛው፣ በዚያው ሞተር አጠገብ በሕግ ፊት ከጓደኞቹ ስምንት እጥፍ የጠነከረ ጆሮ አለው ማለት ነው። ሳይንስ እንዲህ አይልም። ይህ በኢንዱስትሪ አቅምና በጤና መካከል የተደረገ ድርድር ውጤት ነው። ከ150 ዴሲቤል በላይ የሚያስተጋባ የጠመንጃ ተኩስ ሲሆን ደግሞ ጉዳት ለማድረስ የሰኮንድ ሽራፊ ይበቃዋል።

የነርሷ ዋነኛ መሣሪያ ኦዲዮግራም የሚባለው የመስማት ምርመራ ነው። ጸጥ ባለ ትንሽ ክፍል ውስጥ የጆሮ ማዳመጫ ተደርጎ፣ ድምፅ በተሰማ ቁጥር ቁልፍ መጫን ነው። ቀላል ይመስላል። ትልቁ ነገር ያለው ከመጀመሪያው ምርመራ ላይ ነው፤ ወደፊት የሚደረገው ሁሉ ከእሱ ጋር ይነጻጸራልና። ስለዚህ ሠራተኛው ከመነሻው ምርመራ በፊት ለ14 ሰዓታት ከሥራ ቦታ ጫጫታ መራቅ አለበት። ትናንት ማታ ሞተር አጠገብ ያመሸ ሰው ዛሬ ጠዋት ቢመረመር ለጊዜው የደከመው ጆሮው እንደ መደበኛ ይመዘገባል፤ ከዓመታት በኋላ እውነተኛ ጉዳት ሲደርስበት ወረቀቱ «ለውጥ የለም» ይላል። በቀጠሮ አያያዝ ላይ የተሠራች አንዲት ስህተት ሃያ ዓመት ሙሉ ትከተለዋለች።

ከዚያ በየዓመቱ በ2,000፣ በ3,000 እና በ4,000 ሄርዝ የተገኘው ውጤት በአማካይ ይሰላል። ከመነሻው በ10 ዴሲቤል ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ ነገሩ ይመረመራል። ሠራተኛው ጫጫታ ካልነበረበት እረፍት በኋላ ድጋሚ ይፈተናል፣ የጆሮ መከላከያው ይታያል፣ በጽሑፍም ይነገረዋል።

እዚህ ላይ ነው እኔና የክሊኒክ ሪፖርቶች የማንስማማው። የሙያ ጤና አገልግሎት የሚመራ ሰው አለቆቹ በየሩብ ዓመቱ የሚጠይቁት «መመርመር ካለባቸው ስንት በመቶው ተመረመሩ?» ብለው ነው። መቶ በመቶ ከሆነ ይመሰገናል። ነገር ግን ኦዲዮግራም የሚቆጥረው የሞቱ ሕዋሳትን ነው። በየዓመቱ ሁሉንም ሠራተኛ በሰዓቱ እየመረመረ፣ ሁሉንም በሰዓቱ የሚያደነቁር ሃንጋር ሊኖር ይችላል። ምርመራ ጥበቃ አይደለም።

እንዲያውም ኦዲዮግራም የሞቱትንም ሁሉ አይቆጥርም። በ2009 ሻሮን ኩጃዋና ቻርልስ ሊበርማን የተባሉ ተመራማሪዎች አይጦችን ለተወሰነ ጊዜ ለከባድ ድምፅ አጋለጡ። የአይጦቹ የመስማት ችሎታ በቀናት ውስጥ ወደ ነበረበት ተመለሰ፤ ፀጉር መሰል ሕዋሳቱም በቦታቸው ነበሩ። ሕዋሳቱን ከነርቩ የሚያገናኙት መገጣጠሚያዎች ግን፣ በተጎዳው የኮክሊያ ክፍል እስከ ግማሽ የሚደርሱት፣ ላይመለሱ ጠፍተዋል። በሰው ላይ የዚህ መጠን ገና ክርክር አለበት። ሆኖም «ጆሮዬ ትናንት ጮኸ፣ ዛሬ ተወኝ» የሚለው መጽናኛ ከዚያ ወዲህ የቀድሞውን ያህል አያጽናናም።

ታዲያ ጥሩ ነርስ ምን ታደርጋለች? ውጤቱን በሰው ሳይሆን በሥራ ክፍል ታያለች። ከአንድ ክፍል ሦስት ሰው በአንድ ዓመት መስማቱ ከቀነሰ፣ የታመመው ክፍሉ ነው። የድምፅና የኬሚካል መለኪያ ባለሙያውን ይዛ ትወርዳለች፤ አዲስ መሣሪያ ገብቶ እንደሆነ፣ ማሽኑ ቦታ ቀይሮ እንደሆነ ትጠይቃለች። ቀለምና ማሟሟያ የሚነኩትንም ለይታ ታያለች፤ ቶሉይንና ስታይሪን የተባሉት ኬሚካሎች ራሳቸው ጆሮን ስለሚጎዱ፣ ከጫጫታ ጋር ሲገናኙም ጉዳቱን ስለሚያብሱ።

ወታደሩንና ሲቪሉን በአንድ ክሊኒክ ማስተናገድ ከአስተዳደር ምቾት የበለጠ ጥቅም የሚሰጠውም በዚህ ጊዜ ነው። ወታደር በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ ሌላ ምድብ ይዛወራል። በዚህ ሃንጋር የጀመረ ጉዳት ምናልባት የሚታየው ጃፓን ወይም ጀርመን በሚገኝ ሌላ የጦር ሰፈር ነው፤ እዚያ ያለችው ነርስ ይህን ሞተር አታውቀውም። ሲቪሉ ግን ሃያና ሠላሳ ዓመት በአንድ ቦታ ይሠራል። የእሱ ጆሮ የሃንጋሩ መዝገብ ነው። በነባር ሲቪሎች ላይ የታየውን ለውጥ አንብባ ገና ትናንት የመጡትን ወጣት ወታደሮች የምታስጠነቅቅ ነርስ፣ ሁለቱን ለይቶ የሚያይ ሥርዓት ፈጽሞ የማያየውን ታያለች። የወታደሩ መዝገብ ደግሞ አብሮት መጓዝ አለበት፤ መከላከያ ሚኒስቴሩ የሁሉንም የጦር ክፍሎች የመስማት ውጤት በአንድ የመረጃ ቋት የሚያጠራቅመውም ለዚህ ነው።

ሰዎቹ ከክሊኒኩ ሲወጡ መንገዳቸው ይለያያል። ሲቪሉ በ1916 በወጣው የፌዴራል ሠራተኞች የካሳ ሕግ ይተዳደራል፤ በጊዜ ብዛት ለደረሰ ሕመም ማመልከቻ የሚቀርበው፣ ሕመሙ ከሥራው መሆኑን ካወቀ በ3 ዓመት ውስጥ ነው። ወታደሩ በአገልግሎት ላይ ሳለ በነጻ ይታከማል፤ ካሳ የሚጠይቀው ከተሰናበተ በኋላ ነው። መንግሥትን ልክሰስ ቢል ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1950 ፌሬስ በተባለው ጉዳይ የሰጠው ፍርድ ይከለክለዋል። የምስጢር ጉዳይም አንድ አይደለም። ስለ ሲቪሉ ነርሷ ለአለቃው የምትነግረው «ከጫጫታ ይራቅ» የሚለውን ገደብ ነው፤ የሕመሙ ስም የሠራተኛው ነው። ወታደር ሲሆን አዛዡ ለግዳጅ ብቃቱ የሚያስፈልገውን የጤና መረጃ እንዲያገኝ ሕጉ ይፈቅዳል። ወታደሮቹ ይህን ስለሚያውቁ አንዳንዴ የጆሮ ጩኸታቸውን ይደብቃሉ። አልፈርድባቸውም፤ እውነቱን መናገር ከሚወዱት ሥራ ሊያስነሳቸው ይችላል።

የጆሮ መድፈኛስ? ፋብሪካው በማሸጊያው ላይ የሚጽፈው ቁጥር በቤተ ሙከራ የተገኘ ነው፤ ጆሮ ውስጥ በትክክል ያልገባ መድፈኛ የዚያን ሩብ ላይሰጥ ይችላል። የስፖንጁ ዓይነት በጣት ተድቦልቡሎ፣ ሌላኛው እጅ በጭንቅላት ላይ ዞሮ ጆሮን ወደ ላይና ወደ ኋላ እየሳበ፣ ከገባም በኋላ እስኪነፋ ለ30 ሰኮንድ ያህል ተይዞ ነው የሚደፈነው። ይህን አንድ በአንድ የሚያስተምር ሰው ያስፈልጋል። ስሪ ኤም የተባለው ኩባንያ ለሠራዊቱ በቀረቡ የጆሮ መድፈኞች ምክንያት ከቀድሞና በአገልግሎት ላይ ካሉ ወታደሮች ክስ ቀርቦበት፣ በ2023 ጥፋተኝነቱን ሳያምን ወደ 6 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። ከሳሾቹ መድፈኛው አጭር ስለሆነ ተጠቃሚው ሳይታወቀው ይላላል ሲሉ ነበር። የእያንዳንዱን ሰው ጆሮ ከነመድፈኛው የሚለኩ መሣሪያዎች አሉ፤ ዋጋቸው ከዚህ ገንዘብ ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ የኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011፣ አሠሪው አደገኛ ሥራ ላይ የተሰማሩ ሠራተኞቹን እንደ አስፈላጊነቱ በራሱ ወጪ እንዲያስመረምር ያዛል። የመከላከያና የፖሊስ አባላት ግን በዚህ አዋጅ አይሸፈኑም፤ በየራሳቸው ልዩ ሕግ ይተዳደራሉ።

በአሜሪካ በአየር ማረፊያ፣ በፋብሪካ፣ በጋራዥ ወይም በጦር ሰፈር የምትሠሩ አንባቢዎች፣ የመስማት ምርመራ ከተደረገላችሁ የመጀመሪያውን ኦዲዮግራም ቅጂ ጠይቃችሁ ቤታችሁ አስቀምጡ። ሕጉ አሠሪው ጥያቄው በቀረበለት በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ መዝገቡን እንዲያሳያችሁ ያስገድደዋል፤ ለቅጂውም ክፍያ አይጠየቅም።