ፎቁ የተፈቀደው መቼ ነው?

በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ዊተን ውስጥ አንድ አሮጌ የገበያ ሕንፃ ፊት የማመልከቻ ማስታወቂያ ሲተከል፣ ሰፈሩ ስለ አፓርትመንቱ የሚሰማው ያኔ ነው። ስልክ ይደዋወላል፣ ፊርማ ይሰበሰባል። «ፓርኪንግ ከየት ሊመጣ ነው?»፣ «ፀሐይ ሊጋርደን ነው»፣ «ኪራዩ አሁንስ ሰማይ ሊነካ ነው» ይባላል። ከዚያ አንድ ሐሙስ ቀን፣ ዊተን በሚገኘው የሞንትጎመሪ ካውንቲ የፕላን መሥሪያ ቤት፣ አምስት የቦርድ አባላት ፊት ሰው ተራውን ጠብቆ ይናገራል፤ ብዙ ጊዜ ለአንድ ሰው የሚደርሰው ሦስት ደቂቃ ነው። የአብዛኛው ተናጋሪ ልመናም ያው ነው፤ ይህ ፎቅ እዚህ አይሠራ። ቦርዱ ግን በአብዛኛው ያጸድቃል። ተናጋሪውም «ድሮውንም ጨርሰውት ነው የጠሩን» እያለ ይወጣል። ይህን ቅሬታ በሙያው ውስጥ ያለን ሰዎች ማጣጣል ይቀናናል፤ ግማሹ ግን እውነት ነው። ነገሩ በእርግጥ ድሮ አልቋል። ያለቀው ማንም መግባት በሚችልበት ሌላ ስብሰባ ላይ ነው፤ ምናልባት ከአምስት፣ ምናልባትም ከዐሥር ዓመት በፊት። የእኛ የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ፣ በተለይ ተከራዩ፣ ለሦስቱ ደቂቃ የሚያወጣውን ጉልበት ሩቡን ያህል እንኳ ለዚያኛው ስብሰባ ቢያወጣ ውጤቱ ሌላ ይሆን ነበር ብዬ እከራከራለሁ።

ሥርዓቱን ከሥሩ እንያዘው። የሞንትጎመሪንና የጎረቤቷን የፕሪንስ ጆርጅስን የፕላንና የመናፈሻ ጉዳይ የሚመራው ኮሚሽን የተቋቋመው በ1927 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጽፋለሁ)። ከሱ ሥር ያለው የሞንትጎመሪ ፕላን ቦርድ አምስት አባላት አሉት፤ የሚሾማቸው የካውንቲው ምክር ቤት ነው፤ ከአንድ ፓርቲ ከሦስት በላይ አይገቡም። በካውንቲው ውስጥ ያሉት የሮክቪልና የጌይተርስበርግ ከተሞች ግን የራሳቸው አሠራር አላቸው። ቦርዱ የሚሠራው ሥራ ሁለት ዓይነት ነው፤ ሰው የሚምታታበትም እዚህ ላይ ነው። አንደኛው የአካባቢ ፕላን ማርቀቅ ነው፤ ይህ ሰፈር ከእንግዲህ ሃያ ዓመት ምን ይምሰል ብሎ ማጥናት፣ ሕዝብ መስማትና ረቂቁን ለምክር ቤቱ መላክ። ምክር ቤቱም የራሱን የሕዝብ መድረክ ጠርቶ፣ ጨምሮና ቀንሶ ያጸድቀዋል፤ ቀጥሎ የዞን ካርታው በፕላኑ ልክ ይቀየራል። ሁለተኛው ሥራ አንድ ባለ መሬት በዚያ ካርታ ላይ ተመርኩዞ ያቀረበውን የግንባታ ማመልከቻ መመርመር ነው። በካርታው ላይ የአንድ ቁራሽ መሬት ዕጣ በአንዲት መስመር ትጻፋለች፤ ለምሳሌ «ሲአር 3.0፣ ሲ 2.0፣ አር 2.75፣ ኤች 145»። ስትፈታ እንዲህ ናት፦ ንግድና መኖሪያ የሚደባለቅበት ዞን ነው፤ የሕንፃው ወለል ሁሉ ተደምሮ ከመሬቱ ስፋት ሦስት እጥፍ ሊደርስ ይችላል፤ ከዚያ ውስጥ ንግዱ ከሁለት እጥፍ፣ መኖሪያው ከ2.75 እጥፍ አይበልጥም፤ ቁመቱም እስከ 145 ጫማ ነው። መሬቱ 20,000 ካሬ ጫማ ከሆነ 55,000 ካሬ ጫማ መኖሪያ ይወጣዋል፤ ኮሪደርና ደረጃውን ጨምረን ለአንድ ቤት 1,000 ብንመድብ 55 አፓርትመንት ማለት ነው። እዚያ ልክ ለመድረስ አልሚው በምላሹ ለሕዝብ የሚጠቅም ነገር ማቅረብ አለበት፤ ጣሪያው ግን ተቆርጧል። አልሚው መሬቱን ሲገዛ ዋጋ ያወጣው በዚህች መስመር ነው፤ ባንኩም ያበደረው እሷን አይቶ ነው። ጎረቤቱ ማስታወቂያውን ሲያነብ መስመሯ ሕግ ሆና ከርማለች።

እንግዲህ ማመልከቻው ቦርዱ ፊት ሲደርስ ፎቁ ይወደድ አይወደድ የሚጠይቅ የለም። የዞን ሕጉ ቦርዱ ምን ምን ማረጋገጥ እንዳለበት ይዘረዝራል፤ የቁመትና የርቀት ልኩ ተጠብቋል ወይ፣ የመኪናና የእግረኛ መተላለፊያው ደኅና ነው ወይ፣ ክፍት ቦታው በቂ ነው ወይ፣ የአካባቢውን ፕላን በዋና ዋናው ተከትሏል ወይ፣ በዙሪያው ካሉት ጋር ይጣጣማል ወይ፣ መንገዱ፣ ውኃውና ትምህርት ቤቱ ይችለዋል ወይ። እነዚህን ያሟላን ማመልከቻ ቦርዱ ከልክሎ አይዘልቅም፤ አልሚው በ30 ቀን ውስጥ ወደ ሰርኪዩት ፍርድ ቤት ይዞት ይሄዳል፣ ዳኛውም «ማስረጃችሁ የት አለ?» ይላል። ሁለት መቶ ፊርማ ያለበት ተቃውሞ ማስረጃ አይሆንም። በጥቅምት 2022 አምስቱም የቦርድ አባላት በአንድ ጊዜ ለቀው ነበር፤ ምክር ቤቱ በሳምንታት ውስጥ ጊዜያዊ አባላት ተካ፣ ምርመራውም በዚያው መለኪያ ቀጠለ። «ወሳኙ ሰውየው ነው» ብሎ ለሚያምን ወገናችን ይህ ግራ ያጋባል። እኛ ያደግነው ፋይል የሚንቀሳቀሰው ሰው ሲኖር ነው በሚባልበት አገር ነውና ከባለሥልጣኑ ፊት ቆሞ አቤት ማለት የነገር ሁሉ ቁልፍ ይመስለናል። እዚህ ግን አቤቱታው ቢሰማም የሚፈታው ነገር ትንሽ ነው፤ መስመሯን የመቀየር ሥልጣን የምክር ቤቱ እንጂ የቦርዱ አይደለም።

ታዲያ ስብሰባው ለይስሙላ ነው? አይደለም፤ ብዙ ነገር የሚቀየርበት ነው። የሚቀየረው ግን «ይሠራ ወይስ አይሠራ» ሳይሆን «እንዴት ይሠራ» ነው። ከሚቀርቡት ሉሆች መካከል ሕዝብ ዘሎት የሚያልፈው አንድ ሥዕል አለ፤ የቆሻሻ መኪናው መታጠፊያ። የመኪናው ምስል እንደ ፊልም ቁራጭ እየተደራረበ ከመንገድ ወደ ግቢ ሲዞር፣ ጎማዎቹ የሚረግጡትና አፍንጫው የሚጠርገው ቦታ በቀጭን መስመር ይታያል። መስመሩ የእግረኛ መንገዱን ጠርዝ ከነካ፣ ወይም መኪናው ወደ ኋላ እየነዳ ካልሆነ መውጣት ካልቻለ፣ ሥዕሉ ተሳስቷል። ሥዕሉ የማያሳየው ደግሞ አለ፤ ጠዋት ጠዋት ሕፃናት በዚያች ጠርዝ አልፈው የትምህርት ቤት አውቶቡስ እንደሚጠብቁ። ይህን የሚያውቀው የሰፈሩ ሰው ነው፤ ሰዓቱንና ቦታውን ጠቅሶ ቢናገር ቦርዱ መግቢያውን ወደ ጎን መንገድ አዛውሩት ሊል ይችላል፣ ትእዛዙም በውሳኔው ላይ ተጽፎ አልሚውን ያስራል። በዚህ ረገድ እዚሁ ካውንቲ ውስጥ ያለው የክላርክስበርግ ነገር የሚነገር ነው። በ2005 የዚያ አዲስ ከተማ ነዋሪዎች የጸደቀውን ሳይት ፕላን አውጥተው ከቆሙት ቤቶች ጋር ሲያመሳክሩ፣ በመቶዎች የሚቆጠሩት ከተፈቀደው በላይ ቁመት ያላቸው ወይም ከተፈቀደው በላይ ወደ መንገዱ የተጠጉ ሆነው አገኟቸው። ቦርዱ መጀመሪያ ጥሰት የለም ብሎ ነበር፤ በዚያው ዓመት ግን ቃሉን ለውጦ ጥሰቱን አመነ። ነዋሪዎቹን ያስረታቸው ወረቀቱን ገልጠው ማንበባቸው ነው።

ወደ ዋናው ስብሰባ፣ ወደ ፕላን ማርቀቁ፣ እነማን ይመጣሉ? የቦስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ካትሪን አይንስታይን፣ ዴቪድ ግሊክና ማክስዌል ፓልመር በማሳቹሴትስ 97 ከተሞች በተደረጉ የግንባታ ምርመራ ስብሰባዎች የተናገሩትን ሰዎች ከቃለ ጉባኤ ለቅመው፣ ከመራጮችና ከንብረት መዝገብ ጋር አገናኝተው ነበር። ከሦስት ሺህ ከሚበልጡት ተናጋሪዎች አዲስ ቤት ይሠራ ያሉት 15 በመቶ ገደማ ብቻ ናቸው፤ ተናጋሪዎቹም ከሰፈራቸው ሕዝብ ይልቅ በዕድሜ የገፉ፣ በብዛት ወንዶችና የቤት ባለቤቶች ሆነው ተገኙ። በወረርሽኙ ጊዜ ስብሰባው ወደ ኢንተርኔት ሲዛወር ይሻሻላል ተብሎ ነበር፤ እነዚሁ ተመራማሪዎች ሲያዩት የተናጋሪው መልክ ያው ነው። ማሳቹሴትስ ሜሪላንድ አይደለችም፣ የግንባታ ምርመራም ፕላን ማርቀቅ አይደለም፤ ሆኖም የእኛን አሠራር ስናይ መገረም አይኖርብንም። የማመልከቻ ማስታወቂያ በፖስታ የሚላከው ለአጎራባች ንብረት ባለቤቶችና ለተመዘገቡ ማኅበራት ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ፍላወር አቬኑ ላይ ባለ ሁለት መኝታ ተከራይታ አራት ልጅ የምታሳድግ እናት ፖስታ ሳጥኗ ውስጥ የምታገኘው የሱፐርማርኬት ኩፖን ነው። የአካባቢ ፕላን ረቂቅ ደግሞ ብዙ ገጽ ያለው እንግሊዝኛ ነው፤ ያውም የመሥሪያ ቤት እንግሊዝኛ።

«እሷ ሁለት ሥራ እየሠራች ለሃያ ዓመት ፕላን ስብሰባ ትቀመጥ?» የሚለው ተቃውሞ ከባድ ነው፤ በቀላሉ አላልፈውም። የአንድ አካባቢ ፕላን ሁለትና ሦስት ዓመት ሊፈጅ ይችላል፤ ጊዜ ያለው ጡረተኛ እንጂ የኡበር ሾፌር ይህን አይከታተልም። ግን እያንዳንዱ ሰው መከታተል አለበት ያለው ማን ነው? በጽሑፍ የገባ አስተያየት በቃል ከተነገረው እኩል መዝገብ ውስጥ ይገባል፤ ቦርዱም ምክር ቤቱም ያነቡታል። ዕድር አለን፣ የቤተ ክርስቲያን ሰበካ ጉባኤ አለን፣ የመስጊድ ኮሚቴ አለን፣ የነጋዴ ማኅበር አለን። ለቀብርና ለሰርግ ስልክ የሚደውል ጸሐፊ፣ ረቂቁ ሲወጣና ምክር ቤቱ ሲሰበሰብ ሁለት ደብዳቤ መጻፍ አያቅተውም። ዋሽንግተን ዲሲ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ሕግ አማርኛ መሥሪያ ቤቶች ሊያስተናግዷቸው ከሚገቡ ቋንቋዎች አንዱ ነው፤ የሞንትጎመሪ ትምህርት ቤቶችም ለወላጅ በአማርኛ ይጽፋሉ። ለፕላን ስብሰባ አስተርጓሚ መጠየቅ እንግዲህ እንደ ድፍረት አይቆጠርም። የሚጠይቅ ሰው ግን እምብዛም የለም።

ሌላው ተቃውሞ ከዚህም ይከብዳል፦ «ፕላኑ ላይ ተገኝተን ምን ልንል? ፎቅ በመጣበት ሁሉ እኛ እንለቃለን»። ብራያን አስኩዊዝ፣ ኢቫን ማስትና ዴቪን ሪድ ዝቅተኛ ገቢ ባላቸው የአሜሪካ ከተማ ሰፈሮች የተሠሩ ትልልቅ አፓርትመንቶችን አጥንተው፣ በአቅራቢያቸው ያለው ኪራይ ሕንፃው ባይሠራ ይሆን ከነበረው ከ5 እስከ 7 በመቶ ዝቅ እንዳለ አሳይተዋል። እኔ ይህን አምናለሁ። ዳሩ ግን አማካይ ቁጥር ለፈረሰበት ሰው ቤት አይሆነውም። ቀደም ሲል ያሰላነውን 55 አፓርትመንት እንውሰድ። ከ1974 ጀምሮ ያለው የካውንቲው ሕግ አሁን 20 እና ከዚያ በላይ ቤት ባለው ግንባታ ውስጥ ቢያንስ 12.5 በመቶው መጠነኛ ገቢ ላላቸው እንዲሆን ያስገድዳል፤ ሰባት ቤት ይወጣል፤ የኪራይ ከሆነም ለ99 ዓመት በዚያው ይጸናል። ባዶ የፓርኪንግ ሜዳ ላይ ከሆነ ሰባቱ ንጹሕ ትርፍ ናቸው። ርካሽ ኪራይ ያላቸው ሠላሳ አሮጌ ቤቶች ፈርሰው ከሆነ ግን ሃያ ሦስት ጠፍቷል። በ2023 የወጣው የኪራይ ጭማሪ ገደብም ዕድሜው ከ23 ዓመት ያነሰ ሕንፃን አይነካም። ይህን ሒሳብ ቦርዱ በማመልከቻው ቀን ሊያስተካክለው አይችልም፤ ፕላኑ ሲረቀቅ ግን «ይህ መሬት ላይ ለሚፈርሰው ርካሽ ቤት ምትክ ይኑር» ብሎ ማስጻፍ ይቻላል፤ ካውንቲው ውስጥ በቅርብ ዓመታት በጸደቁ ፕላኖች እንዲህ ያለ ሐሳብ ገብቷል። የፐርፕል ላይን ባቡር የሚያልፍበት የሎንግ ብራንች ፕላን የጸደቀው በ2013፣ የባቡሩ ግንባታ የተጀመረው በ2017 ነው። ግንባታው ከመጀመሩ አራት ዓመት በፊት ስለ ሕንፃዎቹ ቁመት ተወስኖ ነበር። ፌንተን መንገድ ላይ ያሉት የእኛ ምግብ ቤቶች ያሉበት የሲልቨር ስፕሪንግ መሀል ከተማ ፕላንም በ2022 ጸድቋል፤ በዚያ ላይ ተመርኩዘው የሚሠሩት አፓርትመንቶች ማመልከቻ ገና ይመጣል፣ ጎረቤቱም ያኔ ይደነግጣል።

አጥር ላይ የሚለጠፈው ማስታወቂያ የፋይል ቁጥር አለው። ቁጥሩን የመሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ ላይ ላስገባ ሰው የባለሙያዎቹ ሪፖርት ይከፈትለታል፤ በመጀመሪያዎቹ ገጾች ላይ ዞኑና መሬቱን የሚገዛው ፕላን የጸደቀበት ዓመት ተጽፏል። ከዚያች ዓመት ላይ ሃያ ይደምርና የሚቀጥለው ረቂቅ በግምት መቼ እንደሚጀመር ለዕድሩ ጸሐፊ ይንገር።