«እኔስ ምን ልሁን?» የሃሎዊን ልብስና የልጆቻችን ስሜት

በአላህ ስም፣ እጅግ በጣም ሩኅሩኅ፣ በጣም አዛኝ በሆነው።



በዋሽንግተን፣ በሚኒያፖሊስና በሲያትል የሚኖሩ ወገኖቻችን ኦክቶበር 31 ሲቃረብ ከልጆቻቸው አንድ ጥያቄ ይጠብቃቸዋል፤ «እኔስ ምን ልሁን?» የሚል። ዕለቱ ሃሎዊን ይባላል። ልጆች የማስመሰያ ልብስ ለብሰው፣ ጭንብል አጥልቀው፣ ሲመሽ ከቤት ቤት እየዞሩ ከረሜላ ይሰበስባሉ። አንዱ ጠፈርተኛ፣ ሌላዋ ልዕልት፣ ሌላው አጽም ይሆናል። በ2023 አሜሪካውያን ለዚህ ቀን 12.2 ቢሊዮን ዶላር ያህል እንደሚያወጡ የቸርቻሪዎች ማኅበራቸው ገምቶ ነበር። እንግዲህ ይህ ሁሉ በዙሪያው ሲሆን የሚያይ ልጅ መጠየቁ አይቀርም። «አይሆንም» ከማለታችን በፊት ግን ልጁ በእርግጥ ምን እየጠየቀን እንደሆነ መረዳት ይኖርብናል።

የበዓሉ ታሪክ ባጭሩ እንዲህ ነው። ስሙ የመጣው ክርስቲያኖች ኖቬምበር 1 ቀን ከሚያከብሩት የቅዱሳን ሁሉ በዓል ዋዜማ ነው። ከዚያ በፊት በአየርላንድ ሳዊን የሚባል የመኸር ማብቂያ በዓል ነበር፤ በዚያ ሌሊት መናፍስት ይንቀሳቀሳሉ ተብሎ ይታመን ነበር። ልብስ ቀይሮ ከቤት ቤት መዞር በአየርላንድና በስኮትላንድ የቆየ ልማድ ሲሆን፣ ወደ አሜሪካ የወሰዱት በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተሰደዱ ሰዎች ናቸው። ከረሜላ መጠየቁ የተስፋፋው በ1930ዎቹ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስኳር በራሽን ሲሆን ተቀዛቅዞ፣ ከጦርነቱ በኋላ እንደገና አገረሸ።

ሰዎች ስለ ልብሱ የሚሰማቸው አንድ ዓይነት አይደለም። ዓመቱን ሙሉ በጉጉት የሚጠብቁት አሉ። ዓይን አፋር የሆነ ሰው ጭንብል ሲያጠልቅ ይዳፈራል፤ ለአንድ ምሽት ከራሱ ያርፋል። ሕፃናት በአንጻሩ የሚያውቁት ፊት ሲለወጥባቸው ይደነግጣሉ፤ አባታቸው መሆኑን እያወቁም ያለቅሳሉ። ልብሱን እንደ ግዴታና እንደ ወጪ ብቻ የሚያዩትም ጥቂት አይደሉም። የማያከብሩትም እኛ ብቻ አይደለንም፤ ብዙ ወግ አጥባቂ ክርስቲያኖች በእምነታቸው ምክንያት ይርቁታል። ይህን ለልጆቻችን መንገር ብቸኝነታቸውን ያቀልላቸዋል።

ጭንብል በሰው ላይ ምን እንደሚያደርግ የሚያሳይ አንድ ጥናት በ1976 ታትሟል። በሲያትል በ27 ቤቶች 1,352 ልጆች ሳያውቁ ታይተዋል። የቤቱ ባለቤት «አንድ አንድ ብቻ ውሰዱ» ብላ ዞር ትላለች። ብቻቸውን ከመጡትና ስማቸውን ከተጠየቁት መካከል ትእዛዙን የጣሱት ከመቶ 8 ያህሉ ናቸው። ማንነታቸው ሳይጠየቅ በቡድን ከመጡት መካከል ግን ከመቶ 57ቱ ጥሰዋል። ማንም አያውቀኝም ያለ ልጅ እጁ ይረዝማል ማለት ነው። (ትልቁስ ቢሆን!) «አላህ ያየኛል» የሚለውን ተርቢያ ከልጅነት የምናስተምረው ለዚሁ አይደል?

ሌላም ስሜት አለ፤ የራስህ ልብስ የሌላው መጫወቻ ሲሆን የሚሰማህ። በ2011 በኦሃዮ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «እኛ ባህል ነን፣ የማስመሰያ ልብስ አይደለንም» የሚል መልእክት ያላቸው ፖስተሮች አሰራጭተው ነበር። ከነዚያ በአንዱ ላይ የመካከለኛው ምሥራቅ ተወላጅ የሆነ ወጣት፣ የዐረብ ልብስ ለብሶ ፈንጂ የታጠቀ መስሎ የቀረበ ሰው ፎቶግራፍ ይዞ ይታያል። ጉዳዩ ለሙስሊም ልጅ ሩቅ አይደለም። የእናቷን ሒጃብ መደብር ውስጥ እንደ ቀልድ ተሰቅሎ ያየች ልጅ ምን እንደሚሰማት ለመገመት ምሁር መሆን አያሻም።

ወደ ዲኑ ስንመጣ፣ አብዛኞቹ ዑለማዎች ከሌላ እምነት በመነጨ በዓል መሳተፍ እንደማይፈቀድ ይናገራሉ። አነስ (ረ.ዐ) እንዳስተላለፉትና አቡ ዳውድ እንደዘገቡት፣ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) መዲና ሲገቡ ሰዎቹ የሚጫወቱባቸው ሁለት ቀናት ነበሯቸው፤ አላህም በእነሱ ምትክ የተሻሉትን ዒድ አል-አድሓንና ዒድ አል-ፊጥርን እንደሰጣቸው ነገሯቸው። ልብ በሉ፤ አንዱ ሲነሳ ሌላ ተተክቷል። ጨዋታውም አልተከለከለም። በዒድ ቀን በመስጂዱ ውስጥ በጦርና በጋሻ ይጫወቱ የነበሩት የኛው ሐበሾች ነበሩ፤ እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) በረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ትከሻ ላይ ሆነው እስኪጠግቡ ተመልክተዋቸዋል። ክንፍ ያለው የፈረስ አሻንጉሊታቸውን ባዩ ጊዜም ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ስቀዋል። የልጅ ምናብ በዚያ ቤት ቦታ ነበረው። በሌላ በኩል ሙስሊምን ማስፈራራት እንደማይፈቀድ በሐዲሥ ተነግሯል፤ ሰው ለማስደንገጥ የሚለበሰው ጭንብል በየትኛውም ቀን ቢሆን ከዚህ አያመልጥም።

እንግዲህ ልጁ የሚጠይቀን ስለ ሳዊን አይደለም። የሚጠይቀው ከጓደኞቹ እንዳይለይ፣ ሌላ ነገር መስሎ እንዲጫወትና ጎረቤት በሩን ከፍቶ «ማሻአላህ!» እንዲለው ነው። ከነዚህ አብዛኛው በዒዳችን ሊሟላ ይችላል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሠሩ እህቶቻችን ገርገዓንን ያውቁታል፤ በረመዳን አጋማሽ ልጆች የባህል ልብስ ለብሰው ከቤት ቤት እየዞሩ ጣፋጭና ለውዝ ይሰበስባሉ። ስለ እሱም ዑለማዎች የተለያየ አስተያየት አላቸው። ለዒድ አዲስ ልብስ መግዛትና ዘመድ ቤት መዞር ግን ማንም የማይከራከርበት ነው። ኒውዮርክም ከ2015 ጀምሮ ሁለቱን ዒዶች የትምህርት ቤት ዕረፍት አድርጋለች። ጧት ሰግዶ ወዲያው ወደ ሥራ የሚሮጥ አባት ግን «የኛም በዓል አለን» ቢል ልጁ አያምነውም።

ዕለቱ ሲደርስ የሚከብደው ክፍል ውስጥ ያለው ሰዓት ነው። ወላጆች መምህሯን ከሳምንት በፊት ቢያነጋግሩ ጥሩ ነው፤ ብዙ ትምህርት ቤቶች ለማይሳተፍ ልጅ ሌላ ሥራ ይሰጣሉ፤ የልብስ ሰልፉን ያስቀሩም አሉ። ሒጃብ የምትለብስ ልጅም በዚያ ቀን «አንቺስ ምን ሆነሽ ነው የመጣሽው?» ልትባል ትችላለችና መልሱን ቤት ውስጥ አብራችሁ ተለማመዱት። «ይህ የየቀኑ ልብሴ ነው» ብላ ፈገግ ካለች ይበቃል።