የዋሽንግተን ኑዛዜ፦ መሬቱ ለማን፣ ሰዎቹስ ለማን?

በአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ወይም በዙሪያዋ ከሚኖሩት በርካታ ኢትዮጵያውያን አንዱ ከሆኑ፣ ማውንት ቨርኖንን ሳያውቁት አይቀሩም። ፖቶማክ ወንዝ ዳር ያለው የጆርጅ ዋሽንግተን ርስት ነው። ሰውየው ጄኔራልም ፕሬዚዳንትም ይሁን እንጂ ራሱን የሚያየው እንደ ገበሬ ነበር። ሲሞት ከመሬትና ከከብት ጋር ሰዎችንም ትቶ ሄደ። ይህ ሁሉ ለዘመድ እንዴት ተከፋፈለ? (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኑዛዜውን በገዛ እጁ የጻፈው በጁላይ 1799 ነው። ጠበቃ አላማከረም። በዲሴምበር 14 ሞተ። የራሱ ልጅ አልነበረውም። ስለዚህ ወራሾቹ ሚስቱ ማርታ፣ የወንድሞቹና የእህቱ ልጆች፣ እንዲሁም ማርታ ከመጀመሪያ ባሏ ያፈራቻቸው የልጅ ልጆች ነበሩ።

ከመሬቱ እንጀምር፤ እሱ ይቀላል። ንብረቱ በሙሉ ማለት ይቻላል ለማርታ በአላባ ተሰጠ። አላባ ማለት በሕይወት እስካለች ትኖርበታለች፣ ፍሬውን ትበላለች፤ መሸጥም ማውረስም ግን አትችልም። ከእሷ በኋላ ዋናው ቤትና ከ4,000 ኤከር በላይ መሬት፣ በእኛ አለካክ 40 ጋሻ ገደማ፣ ለወንድሙ ልጅ ለዳኛ ቡሽሮድ ዋሽንግተን ሆነ። 2,000 ኤከር ያህል ለማርታ የልጅ ልጅ ለኔሊና ለባሏ ለሎውረንስ ሉዊስ ደረሰ። ሎውረንስ የዋሽንግተን የእህቱ ልጅ ነው፤ ሀብቱ ከቤት አልወጣም። ሌሎችም በየፊናቸው ድርሻ አገኙ። የቀረው ተሽጦ በ23 ዕጣ እንዲከፈል ታዘዘ። ይህን ቀሪ ንብረት ራሱ ተናዛዡ 530,000 ዶላር ገምቶታል።

ሰዎቹስ? በ1799 በማውንት ቨርኖን በባርነት የሚኖሩት 317 ነበሩ። ሁሉም የዋሽንግተን ይመስሉ ይሆናል። የግሉ የነበሩት ግን 123 ብቻ ናቸው። አርባ ያህሉን ከጎረቤት ተከራይቷል። 153ቱ ደግሞ የማርታ ሲሶ ናቸው፤ ነገሩን ሁሉ ያወሳሰበው ይህ ሲሶ ነው።

የማርታ የመጀመሪያ ባል ዳንኤል ፓርክ ኩስቲስ በ1757 ሳይናዘዝ ሞተ። በጊዜው የቨርጂኒያ ሕግ እንዲህ ያለች መበለት የባሏን ንብረት ሲሶ ታገኛለች፤ ባሪያዎቹም እዚያው ውስጥ ይቆጠራሉ። እሱም ቢሆን አላባ ነው። በ1759 ዋሽንግተንን ስታገባ ሲሶዋ አብሯት መጣ። እሱ አሠራቸው፣ አዘዛቸው፣ በእነሱ ላብ አተረፈ። ባለቤታቸው ግን አልሆነም። እሷ ስትሞት ወደ ኩስቲስ ወራሾች ይመለሳሉ።

አርባ ዓመት ሙሉ ሁለቱ ወገን አንድ ግቢ ውስጥ ኖረ፣ ተጋባ፣ ወለደ። የሚወለደው ልጅ የማን ይሆናል? መልሱን የሰጠው የ1662 የቨርጂኒያ ሕግ ነው፤ ልጅ የእናቱን ዕጣ ይከተላል። የሕጉ ጥቅም ለጌታው ነበር፤ ከባሪያው የወለደው ልጅ ሳይቀር ንብረቱ ሆኖ ይቀርለታል።

አንድ ቤተሰብ እንይ። አናጢው አይዛክ የዋሽንግተን ነው። ወተት ቤት የምትሠራው ሚስቱ ኪቲ የሲሶው ናት። ዘጠኝ ሴቶች ልጆች ወለዱ። ዘጠኙም የኩስቲስ ወራሾች ንብረት ናቸው፤ አባታቸው ነጻ ቢወጣ ለእነሱ የሚጨምረው ነገር የለም።

ዋሽንግተን በኑዛዜው የግሉ የሆኑት ማርታ ስትሞት ነጻ እንዲወጡ አዘዘ። ወዲያው ነጻ የወጣው የግል አገልጋዩ ዊልያም ሊ ብቻ ነው፤ በዓመት 30 ዶላርም ተቆረጠለት። ሌሎቹ ለምን ይጠብቁ? ቤተሰቦቹ ተጋብተው የተሳሰሩ ስለሆኑ መለያየቱ መራራ እንዳይሆን ነው ይላል። እኔ ግን ይህ መለያየቱን ለሌላ ቀን ከማስተላለፍ ያለፈ አይመስለኝም። ለማርታም አስጊ ሆነ። ከመቶ በላይ ሰው ነጻነቱን የሚያገኘው በእሷ ሞት ነው፤ የሚያበስሉላትም የሚያለብሷትም እነሱው ናቸው። ፈራች። ቀኗን ሳትጠብቅ ፈረመችና በጃንዋሪ 1, 1801 ነጻ ወጡ።

የሲሶውን ሰዎች ገዝቶ ነጻ ማውጣት አይችልም ነበር? በሕግ ይችላል፤ የእያንዳንዱን ሰው ዋጋ ለወራሾቹ ከከፈለ። መሬት እንጂ ጥሬ ገንዘብ የሌለው ሀብታም ነበርና አልከፈለም። በ1796 ኦና ጀጅ የምትባል የሲሶው ወጣት ከፊላደልፊያ ስትጠፋ አጥብቆ ያስፈለጋት አንድም ለዚህ ነው፤ ለወራሾቹ ተጠያቂው እሱ ነው። አልተያዘችም፤ በሕግ ግን እስከ ዕለተ ሞቷ ባሪያ ነበረች።

ነጻ ማውጣትም ወጪ አለው። ከ1782 ወዲህ የቨርጂኒያ ሕግ ባሪያን ያለ መንግሥት ልዩ ፈቃድ ነጻ ማውጣትን ፈቅዷል፤ አረጋውያኑንና ሕፃናቱን የመጦር ግዴታ ግን አውጪው ላይ ጥሏል። ኑዛዜውም አረጋውያኑ እንዲጦሩ፣ ወላጅ የሌላቸው ልጆች እስከ 25 ዓመታቸው ማንበብና ሙያ እየተማሩ እንዲቆዩ አዟል። አስፈጻሚዎቹ ለጡረታው እስከ 1833 ሲከፍሉ ኖረዋል።

ማርታ በሜይ 1802 ስትሞት ሲሶው ለአራት የልጅ ልጆቿ ተከፈለ። ኪቲን የመሳሰሉ እናቶች ከነልጆቻቸው ወደ አራት ቤት ተበተኑ። ማርታስ ምን ታድርግ፣ እጇ ታስሯል ይሉ ይሆናል። ለሲሶው እውነት ነው። ሙሉ በሙሉ የራሷ የሆነ ኢሊሽ የሚባል አንድ ሰው ግን ነበራት። እሱን ነጻ ማውጣት ትችል ነበር። ለልጅ ልጇ ለጆርጅ ዋሽንግተን ፓርክ ኩስቲስ አወረሰችው።

ያ የልጅ ልጅ ዛሬ የአርሊንግተን ብሔራዊ መቃብር ባለበት ሥፍራ የአርሊንግተንን ቤት ሠራ። በ1857 ሲሞት እሱም ኑዛዜ ተወ፤ ለአራት የልጅ ልጆቹ ለእያንዳንዳቸው 10,000 ዶላር ይከፈል፣ ባሪያዎቹም ቢበዛ በአምስት ዓመት ውስጥ ነጻ ይውጡ የሚል። አስፈጻሚው አማቹ ሮበርት ሊ ነበር። ገንዘቡ እስኪሞላ ብሎ አምስቱን ዓመት ሙሉ አሠራቸውና የነጻነት ወረቀታቸውን በ1862 መጨረሻ ላይ ፈረመ።