የተሰነጠቀ ፍሌክስፕሌት፦ በወልድያና መርሳ መንገድ ላይ የአውቶማቲክ ተሽከርካሪ ብልሽት እንዴት ይለያል?

ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ሞተሪኖ፣ ቮላኖ፤ የኢትዮጵያ ጋራዥ ቃላት ብዙዎቹ ከኢጣሊያንኛ የተወረሱና በማንዋል ካምቢዮ ዘመን የጸኑ ናቸው። በአውቶማቲክ ተሽከርካሪ በቮላኖ ቦታ የሚቀመጠው ፍሌክስፕሌት ግን የዚህን ያህል የተለመደ ስም አላገኘም። ነገሩ የስም ብቻ ቢሆን ባልከፋ፤ ክፍሉ እንደ ቮላኖ ሲታሰብ ምርመራውም ጥገናውም ይስታል።

ቮላኖ ወፍራምና ከባድ ነው። ፍሌክስፕሌት በአንጻሩ ከ2 እስከ 4 ሚሊሜትር ገደማ ውፍረት ያለው የብረት ሳህን ሲሆን፣ መካከሉ ከክራንክሻፍት፣ ዳር ዳሩ ከቶርክ ኮንቨርተር ጋር በብሎን ይታሰራል። ቀጭን የተደረገው ለቁጠባ አይደለም። ኮንቨርተሩ በዘይት ግፊትና በሙቀት በመጠኑ ሲነፋ ሳህኑ አብሮት እንዲተጣጠፍ ነው።

ሞተሩና ካምቢዮው በአንድ መስመር ካልተገጠሙ ግን ሳህኑ በእያንዳንዱ ዙር ይታጠፋል። ከወልድያ እስከ ሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ እስከ መርሳ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጉዞው ግማሽ ሰዓት ቢፈጅና ሞተሩ በደቂቃ 2,000 ጊዜ ቢዞር፣ ሳህኑ አንዴ መርሳ እስኪደርስ 60,000 ጊዜ ታጥፏል ማለት ነው። ብረት በዚህ ዓይነት ድካም ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁም ብዙ ጊዜ በክራንክሻፍቱ ብሎኖች ዙሪያ ይጀምራል። ከወልድያ ወደ ድልብ የሚያስወጣው ዳገት ጉዳቱን ሊያባብስ ይችላል፤ መነሻው ግን አዘውትሮ የሚገኘው ቀድሞ በተደረገ ጥገና ውስጥ ነው፦ ሳይመለስ የቀረ የአቀማመጥ መጠበቂያ ፒን፣ እኩል ያልጠበቀ ብሎን፣ ወይም ቦታው ሳይገባ በብሎን ተስቦ የታሰረ ኮንቨርተር።

አደጋው በድምፁ ላይ ነው። የተሰነጠቀ ሳህን የሚያሰማው ኳኳታ የላላ ቢዬላ ከሚያሰማው ጋር እጅግ ይመሳሰላል፤ በዚህም ደኅና ሞተር በከንቱ ሊፈታ ይችላል። ከዚያ በፊት የዘይት ግፊቱ ይለካ፤ ዘይቱ ውስጥ የብረት ብናኝ መኖሩ ይታይ። ፍሬን ተይዞ ማርሹ ከገለልተኛ ወደ ጉዞ ሲገባ ድምፁ ከተለወጠ ጥርጣሬው ወደ ሳህኑ ያዘነብላል። ቀጥሎ ሞተሩ ጠፍቶ የታችኛው መመልከቻ ክዳን ይከፈታል፤ ክራንክሻፍቱ በእጅ እየዞረ ሳህኑ በባትሪ ብርሃን ይመረመራል። የመካከሉን ስንጥቅ ግን ካምቢዮው ሳይወርድ ማየት ብዙ ጊዜ አይቻልም።

ብየዳ እዚህ ላይ አይመከርም። ሙቀቱ ሳህኑን ያጣምማል፣ ሚዛኑን ያዛባል፤ አዲስ ስንጥቅም ከብየዳው ጠርዝ ይነሣል። ምትክ ዕቃ ከአዲስ አበባው ሶማሌ ተራ ሲታዘዝ በሊብሬው ላይ ያሉት የሻንሲና የሞተር ቁጥሮች አብረው መላክ አለባቸው፤ በዓይን አንድ የሚመስሉ ሳህኖች በጥርስ ብዛት፣ በብሎን ቀዳዳ ወይም በሚዛን ክብደት ይለያያሉና።

አዲሱ ሳህን ከታሰረ በኋላ ጠርዙ ሳይወላገድ መዞሩ በዳያል ጌጅ ይለካል። ካምቢዮው ከሞተሩ ጋር ሲገጥም ኮንቨርተሩ ገና ሳይታሰር በእጅ መዞር አለበት፤ ካልዞረ ብሎን ማጥበቁ ቆሞ ካምቢዮው እንደገና ይወርዳል።