የዝናብ አገር መስጂድ



በምዕራብ ኢትዮጵያ፣ መቱ ሳድግ የሰፈራችን መስጂድ ግድግዳው እንጨትና ጭቃ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ ነበር። ክረምቱ ሲወጣ አባቶች ጭቃውን በጭድ ያቦካሉ፤ እኛ ልጆች ውሃ እናመላልሳለን፤ ዝናብ የቦረቦረው ሁሉ ይለሰናል።

ያ ልስን ትዝ ያለኝ ኖራ ስለምትባል ቦታ ሳነብ ነው። ኖራ በሰሜን ሸዋ፣ በኢፋት ምድር ያለች የመካከለኛው ዘመን የሙስሊሞች ከተማ ፍርስራሽ ናት። እዚያው ኢፋት እንዳሉት እንደ አስባሪና መሳል ፍርስራሾች ሁሉ፣ የፈረንሳይ አርኪዮሎጂስቶች አጥንተዋታል። አካባቢው በ14ኛው ክፍለ ዘመን በወላስማ ሱልጣኖች ሥር ነበር። የኖራ መስጂድ ጣሪያው የለም፤ የድንጋይ ግድግዳው ግን ዛሬም ቆሟል። ከኢፋት መካ በቀጥታ ወደ ሰሜን ስለሆነች ቂብላው ሰሜን ነው። እኛ መቱ ላይ ከሰሜን ጥቂት ወደ ምሥራቅ ዘንበል እንላለን።

እንዲህ ያለ ሕንፃ ሲተው መጀመሪያ የሚሄደው ጣሪያው ነው። ከዚያ ውሃ በግድግዳው አናት ይገባል፤ የዛፍ ሥር ድንጋዩን ይፈለቅቃል፤ የወደቀውንም ድንጋይ ሰዎች ለቤታቸው ይወስዱታል። በድንጋይ የተሠራ ግን ይህን ሁሉ ችሎ ዘመናት ሊሻገር ይችላል።

የእኛ አገር ሌላ ነው። በመቱ ጎረቤት በጎሬ በዓመት ወደ 2,000 ሚሊሜትር ዝናብ ይጥላል፤ ምስጡም አያርፍም። ጥቂት ዓመት ሳይለሰን የቀረ የጭቃ መስጂድ ፍርስራሽ እንኳ አይተውም። ስለዚህ መስጂዶቻችንን ያቆየው የጀማዓው እጅ ነው። ማሊ ውስጥ የጄኔ ከተማ ሰዎችም ታላቁን የጭቃ መስጂዳቸውን በየዓመቱ በጋራ ይለስናሉ።

አሁን በየከተማችን አሮጌው እየፈረሰ በብሎኬት ይሠራል። ሰጋጁ በዝቷልና መሠራቱ ደግ ነው። ግን ከመፍረሱ በፊት ፎቶ አንሱት፤ ወርዱንና ቁመቱን ለኩ፤ የምሰሶውን ዋንዛ ማን እንደቆረጠ፣ መሬቱን ማን እንደሰጠ፣ የመጀመሪያው ኢማም ማን እንደነበሩ ጻፉ። ከተቻለ አንድ ምሰሶ አስቀሩ። ኖራን ነገ የሚመጣ ተመራማሪ ከድንጋዩ ያነባታል። የእኛን የሚያውቁት ግን ሽማግሌዎቻችን ናቸው፤ እነሱም እያለፉብን ነው።

መቱ፣ ጎሬ፣ ቡሬ፣ በደሌ ያላችሁ፣ ዛሬ ከዐስር ሶላት በኋላ አንድ አባት አጠገብ ተቀምጣችሁ ጠይቁልኝ። የነገሯችሁን በስማቸው ጽፋችሁ አስቀምጡ።