ከወንበሩ የሚነሣ ሹም ምን ትቶ ይሄዳል?
(ስለ ጤና መድን ተቆጣጣሪነት በሬዲዮ የተነገረ)

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን አሮጌ አነጋገር ያልሰማ የመንግሥት ሠራተኛ አይገኝም። አነጋገሩ ሹመትን እንደ ማዕድ፣ ሹሙንም እንደ ተጋባዥ ይቈጥራል። ዳሩ ግን ከወንበሩ የሚነሣ ሰው የሚቆጭበት ሌላ ነገርም አለ፤ ይኸውም ሥልጣኑ በእጁ ሳለ ሊጠይቅ ሲገባው ሳይጠይቅ ያለፈው ጥያቄ ነው። ዛሬ ይህን ነገር በአንድ የጤና መድን ተቆጣጣሪ ሹም ሥራ እንመለከተዋለን። ስለ አሜሪካ አገር የምንጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

በመጀመሪያ የጤና መድን ምን እንደ ሆነ በአጭሩ እንግለጥ። ብዙ ሰዎች በየጊዜው የተወሰነ ገንዘብ ያዋጣሉ፤ ይህም ዓረቦን ይባላል። ከመካከላቸው አንዱ በታመመ ጊዜ የሕክምናው ዋጋ ከተጠራቀመው ገንዘብ ይከፈልለታል። ነገሩ ከዕድራችን ጋር ይመሳሰላል፤ ልዩነቱ ዕድር ለቀብርና ለሐዘን ሲደርስ፣ የጤና መድን ሰውየው በሕይወት ሳለ የሚደርስለት መሆኑ ነው። የዕድርን ገንዘብ ዳኛውና ገንዘብ ያዡ እንደሚጠብቁት ሁሉ፣ የመድን ድርጅቶችንም ሒሳብ የሚመረምር የመንግሥት ተቆጣጣሪ ያስፈልጋል።

በአሜሪካ ይህን ቁጥጥር በአብዛኛው የሚያካሂዱት ግዛቶቹ ናቸው። ከሁሉም በስፋት የምታንሰው ሮድ አይላንድ፣ ሕዝቧ አንድ ሚሊዮን ያህል ሲሆን፣ በ2004 ባወጣችው ሕግ የጤና መድንን ብቻ የሚቆጣጠር የኮሚሽነር መሥሪያ ቤት አቋቋመች። በ2005 ሚስተር ክሪስቶፈር ኮለር የመጀመሪያው ኮሚሽነር ሆነው ተሾሙ። ከዚያ በፊት የአንድ መድን ድርጅት ዋና ሥራ አስኪያጅ ስለ ነበሩ የሥራውን ውስጠ ምሥጢር ያውቁት ነበር።

የመድን ተቆጣጣሪ የቆየ ተግባሩ ድርጅቱ እንዳይከስር መጠበቅ ነው። የከሰረ መድን ለታመመው ሰው የሚከፍለው የለውምና፣ ይህ ጥበቃ አስፈላጊ መሆኑ አያጠራጥርም። የሮድ አይላንድ ሕግ ግን ከዚህ አልፎ ኮሚሽነሩ የተገልጋዩን ጥቅም እንዲጠብቅ፣ ሐኪሞችና ሆስፒታሎች በአግባቡ እንዲስተናገዱ እንዲያደርግ፣ ሕክምናውም በጥራትና በቁጠባ እንዲሻሻል እንዲተጋ አዘዘው።

እንግዲህ የነገሩ ቊልፍ እዚህ ላይ ነው። ዓረቦን ሲወደድ ሰው ሁሉ ጣቱን የሚቀስረው በመድን ድርጅቱ ላይ ነው። ይሁን እንጂ የዓረቦኑ ገንዘብ በአብዛኛው የሚሄደው ለሕክምና ነው። በ2010 የወጣው የአሜሪካ የጤና ሕግ እንኳ ድርጅቶቹ ከእያንዳንዱ 100 ዶላር ዓረቦን፣ ለግለሰቦችና ለትናንሽ ድርጅቶች ከሚሸጡት መድን ቢያንስ 80ውን፣ ለትልልቆቹ ከሚሸጡት ደግሞ 85ቱን ለሕክምናና ለጥራቱ ማሻሻያ እንዲያውሉ ያስገድዳል። ስለዚህ ተቆጣጣሪው የድርጅቱን ትርፍ ብቻ ቢጫነው፣ የሕክምናው ዋጋ ራሱ እየናረ ከሄደ ዓረቦኑ መውጣቱን አይተውም።

ሚስተር ኮለር በእጃቸው የነበረው መሣሪያ፣ ድርጅቶቹ ዓረቦን ለመጨመር ሲፈልጉ ፈቃድ ለመጠየቅ ወደ እርሳቸው መምጣታቸው ነበር። ያንን ጊዜ «ስንት ትጨምራላችሁ?» ብሎ ከመጠየቅ በላይ «ገንዘቡን በምን ታውሉታላችሁ?» ለሚለው ጥያቄ ተጠቀሙበት። ከ2010 ጀምሮ በሥራ ላይ ከዋሉት ደንቦች ሁለቱን እንጥቀስ።

አንደኛው ለመጀመሪያ ደረጃ ሕክምና የሚውለው ገንዘብ እንዲያድግ አዘዘ። በ2008 ከ100 ዶላር የሕክምና ወጪ ለዚህ የሚውለው 6 ዶላር እንኳ አይሞላም ነበር። ድርሻው ለአምስት ዓመት በየዓመቱ ከመቶው አንድ አንድ እጅ እንዲጨምር፣ ጭማሪውም በዓረቦን ላይ እንዳይጫን ተደነገገ። የአሳቡን መሠረት የእኛው ተረት «ሳይቃጠል በቅጠል» ብሎ ገልጦታል፤ የደም ግፊት ወይም የስኳር በሽታ ያለበት ሰው በቅርቡ ያለ ሐኪም በጊዜው ቢከታተለው፣ ከከፍተኛ ሥቃይና ከከፍተኛ ወጪ ይድናልና።

ሁለተኛው ደንብ ድርጅቶቹ ከሆስፒታሎች ጋር በሚዋዋሉበት ጊዜ የሚፈቅዱት የዋጋ ጭማሪ፣ የፌዴራሉ መንግሥት ለአረጋውያን ሕክምና ከሚጠቀምበት የዋጋ ዕድገት መለኪያ እንዳያልፍ ወሰነ። ይህ ከፊተኛው ይልቅ ከባድ ነበር፤ ለዓረቦን ከፋዩ ወጪ የሆነው ለሆስፒታሉ ገቢ ነውና።

ሚስተር ኮለር በ2013 ሥራቸውን ለቀው የአንድ የጤና ጥናት በጎ አድራጎት ድርጅት ፕሬዚዳንት ሆኑ። እንዲህ ያለ ሹም በስንብቱ ዕለት የስምንት ዓመት መዝገቡን ቢገልጥ፣ በአንዱ ገጽ ላይ ያልተቻለውን ያገኛል። በ1974 በወጣው የፌዴራል ሕግ ምክንያት፣ የሠራተኞቻቸውን ሕክምና በራሳቸው ገንዘብ የሚሸፍኑ አሠሪዎች ከግዛት መድን ተቆጣጣሪ ሥልጣን ውጪ ናቸው። ስለዚህ ብዙ ሠራተኛ ደንቡ በቀጥታ ሳይደርስለት ቀረ።

በሌላው ገጽ ግን ደንቡ ራሱ ተጽፎ ይገኛል። ሹሙ ከሄደ በኋላ ተከታዮቹ እያሻሻሉ ሠሩበት። በ2019 የታተመ ጥናትም በሮድ አይላንድ የሕክምና ወጪ ዕድገት ከሌሎች ጋር ሲነጻጸር መቀነሱን፣ ለዚህም ዋናው ምክንያት የዋጋው ገደብ መሆኑን አመለከተ። በሁለቱ ደንቦች መካከል ይበልጥ የሠራው፣ ለመደንገግ ይበልጥ የከበደው ሆነ ማለት ነው።

ክቡራን አንባብያን፤ ይህ ነገር ለእኛ ሩቅ አይደለም። በአገራችን የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690/2002 ከደመወዝተኛው መዋጮ ጋር የተያያዘ ነው፤ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድንም በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሯል። መዋጮ ባለበት ሁሉ አዋጪው ሊጠይቀው የሚገባ ጥያቄ አለ። ሣጥኑ መሙላቱ ብቻውን አይበቃም፤ ከሣጥኑ የወጣው ገንዘብ ምን ያህል ሕክምና እንደ ገዛ መታወቅ አለበት።

በየጠረጴዛችን ላይ ፈቃድ የሚጠይቅ ማመልከቻ በየቀኑ ይቀርባል። ማኅተሙን ከማሳረፋችን በፊት አንድ ጥያቄ ለመጠየቅ ጊዜው ያን ሰዓት ነው። ወንበሩ ለሌላ ይተላለፋል፤ በጊዜው የተጠየቀ ጥያቄ ግን ደንብ ሆኖ ከመዝገብ ቤት ይቀመጣል፤ የሚመጣውም ሠራተኛ ከዚያ ይጀምራል።