የባት ጡንቻና የተረከዝ ጅማት፦ የቀነኒሳ በቀለ ጉዳት

ቀነኒሳ በቀለ እ.ኤ.አ. በ2008 በቤጂንግ ኦሎምፒክ፣ በ2009 ደግሞ በበርሊን የዓለም ሻምፒዮና በ5,000ም በ10,000 ሜትርም ወርቅ ካጠለቀ በኋላ የባት ጡንቻው ተጎድቶ ከውድድር ርቆ ቆየ፤ በ2011 በዴጉ የዓለም ሻምፒዮና ቢሰለፍም የ10,000 ሜትሩን ሩጫ አቋርጦ ወጣ። የባት ጡንቻ ከተረከዝ አጥንት ጋር የሚያያዘው አኪለስ በተባለው ወፍራም ጅማት ስለሆነ ሁለቱ በአንድ ጫና ሥር ይወድቃሉ፤ ጅማቱ የሚደርሰው ደም አነስተኛ በመሆኑም ቁስሉ ቶሎ አይሽርም። ቀነኒሳ በ2015 የዱባይን ማራቶን ያቋረጠውም በጉዳት ነበር። ሆኖም በ2019 በበርሊን ማራቶን 2:01:41 በመግባት ከወቅቱ የዓለም ክብረ ወሰን በ2 ሰከንድ ብቻ ስለዘገየ፣ ጉዳቱ የነጠቀው ፍጥነቱን ሳይሆን ዓመታቱን ነው ማለት ይቻላል። በ2024 የለንደን ማራቶንን በ41 ዓመቱ 2ኛ ሆኖ ፈጽሟል።